ዳኛው የኛ ሲሆንስ?

ዳኛ ሲበድለን እንጮኻለን። ቅዳሜ ማታ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። አርሰናል ፍፁም ቅጣት ምት ሲከለከል ግማሹ ቤት የፍትህ ሊቅ ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ «ዳኛ እኮ ነው፣ ያየውን ያውቃል» እያለ ሻዩን ይጠጣል። በሳምንቱ ተራው የማንቸስተር ዩናይትድ ሲሆን ሊቆቹ ሻይ ጠጪ፣ ሻይ ጠጪዎቹ ሊቅ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ክርክሩ ያው ነው፤ የተቀየረው ማሊያው ብቻ።

እኛ ዛሬ ማንሳት የፈለግነው ሌላኛውን፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይጠይቀውን ጥያቄ ነው። ሲበደሉ ፍትህ መጠየቅማ ማንም ይችላል። ዳኛው የኛ ሲሆንስ? ስህተቱ ለኛ ሲያደላ፣ ሜዳው የኛ፣ ገንዘቡ የኛ፣ ደንብ አውጪውም የኛ ሰው ሲሆን ምን እናደርጋለን? የስፖርት ፍትህ የሚለካው እዚህ ጋ ይመስለናል።

ጥያቄውን በእግር ኳስ ብናነሳው አንባቢዎቻችን ገና ሦስተኛው አንቀፅ ላይ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይጣሉብናል። ስለዚህ ልባችንን ያልሰጠንበት ጨዋታ መረጥን፤ ክሪኬት። አዎ፣ ያ ቻናል ስንቀያይር ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው የምናይበትና ቶሎ ብለን የምናልፈው ጨዋታ። ዱባይና ሻርጃ የኖሩ ወገኖቻችን ግን በደንብ ያውቁታል፤ የህንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዲሽ ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ባዶ ቦታና መኪና ማቆሚያ ላይ ሲጫወቱት እያዩ ነው የኖሩት። እኛ እዚያ ቡድን የለንም፤ ዓይናችንን የሚጋርድ ማሊያም የለንም። (ከታች የሚመጡት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሪኬት በሁለት አንቀፅ

ሁለት ቡድን፣ አስራ አንድ አስራ አንድ ሰው። አንዱ ቡድን ኳስ ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ከመቺው ጀርባ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው እንጨቶቹን በኳስ ከመታ፣ ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ይወጣል። መቺው ኳሷን መትቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ረጅሙ የጨዋታው ዓይነት «ቴስት» ይባላል፤ እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። (አዎ፣ አምስት ቀን። በመሃል ለምሳና ለሻይ ይወጣሉ።)

ለዛሬው ወሬያችን ሁለት ነገር ብቻ ያዙልን። አንደኛ፣ ዳኛው መቺውን የሚያስወጣው ተጋጣሚዎቹ ሲጠይቁት ነው፤ ካልጠየቁት አይፈርድም። ስለዚህ ጩኸት የጨዋታው አካል ነው። ሁለተኛ፣ ኳሷ የመቺውን እግር ስትመታ ዳኛው «እግሩ ባይኖር ኖሮ እንጨቶቹን ትመታ ነበር?» ብሎ መወሰን አለበት። ልብ በሉ፤ የሚፈርደው ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ባልሆነ ነገር ላይ በሚፈርድ ሰው ዙሪያ ደግሞ ጥርጣሬ ይበቅላል።

ባለሜዳው ከነዳኛው

የመጀመሪያው ቴስት የተካሄደው በ1877 ሜልበርን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዳኞቹ በአብዛኛው የባለሜዳው አገር ሰዎች ነበሩ። እግር ኳስ የለመደ ሰው ይሄን ማመን ያቅተዋል። ዋልያዎቹ ለማጣሪያ ካይሮ ሲገቡ ግብፃዊ ዳኛ ፊሽካ ይዞ ሲጠብቃቸው አስቡት እስቲ! በክሪኬት ግን ነገሩ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ታይቶ ኖረ። ጨዋታው «የጨዋ ሰዎች» ስለሚባል ዳኛን መጠርጠር ነውር ነበር። (ጨዋነቱም ቢሆን ደረጃ ነበረው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1962 ድረስ ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት «ጨዋዎች»፣ ደመወዝተኞቹ ደግሞ እንዲሁ «ተጫዋቾች» ተብለው ይለዩ ነበር።)

ጉዱ የፈነዳው ዲሴምበር 1987 ፓኪስታን፣ ፋይሳላባድ ላይ ነው። የእንግሊዙ አምበል ማይክ ጋቲንግና ፓኪስታናዊው ዳኛ ሻኩር ራና ሜዳ መሃል ጣት ተቀሳስረው ተሰዳደቡ። ዳኛው አምበሉን አጭበርባሪ አለው፤ አምበሉም አልተወለትም። ዳኛው ይቅርታ ካልተጠየቅኩ አልዳኝም ስላለ አንድ ሙሉ ቀን ያለ ጨዋታ አለፈ። በመጨረሻ ጋቲንግ ይቅርታውን በወረቀት ጽፎ ሰጥቶ ጨዋታው ቀጠለ። እንግሊዞች ስለ ፓኪስታን ዳኞች ምሬታቸውን አሰሙ። ፓኪስታኖችም የራሳቸው ምሬት ነበራቸው፤ በ1982 ቅሬታ ያቀረቡበት አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ በ1987ቱ የእንግሊዝ ጉዟቸው እንዳይመደብባቸው ጠይቀው አልተሰሙም። ሁለቱም የሌላውን ዳኛ ያያሉ፣ የራሳቸውን አያዩም።

ከዚህ ጠብ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን በኛ ግምት በክሪኬት ታሪክ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የፍትህ ሥራዎች አንዱ ተሠርቷል። ኖቬምበር 1986 ላይ ፓኪስታን ላሆር ውስጥ ዌስት ኢንዲስን ስታስተናግድ ሁለት ህንዳዊ ዳኞች ጠርታ አቆመች። ለዚህ ከሁሉም በላይ የወተወተው አምበሉ ኢምራን ካን ነበር። አዎ፣ ከ2018 እስከ 2022 የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ያው ሰውዬ። የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ሕዝብ፣ የራሱ ዳኛ በእጁ ላይ እያለ ነው «ዳኛው ይቀየር» ያለው። ያውም ከህንድ ይምጣ ብሎ! ያውም በዘመኑ ኃያል ከነበረው ቡድን ጋር!

ፓኪስታን ያንን ግጥሚያ ተሸነፈች። «የኛን ዳኛ ብናቆም ኖሮ» ብሎ የተቆጨ ደጋፊ እንደማይጠፋ እንገምታለን። እኛ ግን ይሄን ታሪክ የምንወደው በሽንፈት ስላለቀ ነው። ያሸነፈ ሰው «ፍትሃዊ ነበርኩ» ቢል ወጪ የለበትም።

ዓለም አቀፉ የክሪኬት ካውንስል፣ በአጭሩ አይሲሲ፣ ነገሩን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። በ1994 በየቴስቱ ከሁለቱ የሜዳ ዳኞች አንዱ፣ በ2002 ደግሞ ሁለቱም ከሦስተኛ አገር እንዲሆኑ ተወሰነ። ለውጡ ምን እንዳመጣ ቆይቶ በቁጥር ታየ። ተመራማሪዎች ከ1986 እስከ 2012 የተካሄዱ 1000 ቴስቶችን መርምረው በ2015 ጥናት አሳተሙ። በዚያ «እግሩ ባይኖር ኖሮ» በሚባለው ፍርድ፣ ሁለቱም ዳኞች የባለሜዳው ሰዎች ሲሆኑ ባለሜዳው ይጠቀም ነበር። አንዱ ገለልተኛ ሲሆን ጥቅሙ ቀነሰ፤ ሁለቱም ሲሆኑ ጠፋ።

ጥናቱ ዳኞቹ ሌቦች ነበሩ አላለም። እኛም አንልም። የራሱ ከተማ ሕዝብ ጆሮው ላይ እየጮኸ፣ በሰከንድ ሽራፊ፣ ባልሆነ ነገር ላይ የሚፈርድ ሰው ሚዛኑ ትንሽ ቢያጋድል ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ለዚህ ነው «እኛ ጋ ጥሩ ሰዎች አሉ» የሚለው መልስ የማይበቃው። ጥሩ ሰዎችም አሠራር ያስፈልጋቸዋል።

ገለልተኛ ዳኛም ይሳሳታል

ጃንዋሪ 2008፣ ሲድኒ፤ አውስትራሊያ ከህንድ። ዳኞቹ ጃማይካዊው ስቲቭ ባክነርና እንግሊዛዊው ማርክ ቤንሰን ናቸው፤ ሁለቱም ገለልተኛ። አውስትራሊያዊው አንድሩ ሳይመንድስ 30 ነጥብ ላይ ሳለ ኳሷን በመምቻው ጠርዝ ነክቷት ተያዘች። ዳኛው አልወጣም አለ። ሳይመንድስ እስከ 162 ድረስ ሄደ፤ ማምሻውን ራሱ መንካቱን ተናገረ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ የህንዱ ሳውራቭ ጋንጉሊ የመታት ኳስ ስትያዝ መሬት ነክታለች አልነካችም የሚል ክርክር ተነሳ። ዳኛው ማንን ጠየቀ? የአውስትራሊያን አምበል ሪኪ ፖንቲንግን! ሁለቱ ቡድኖች ቀድመው በያዡ ቃል ለመተማመን ተስማምተው ስለነበር ነው። ፖንቲንግ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፣ ጋንጉሊም ወጣ። አውስትራሊያ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አሸነፈች። የህንዱ አምበል አኒል ኩምብሌ በጨዋታው መንፈስ የተጫወተው አንድ ቡድን ብቻ ነው ብሎ ተናገረ፤ ባክነርም ከቀጣዩ ግጥሚያ ተነሳ።

ህንድ ተበድላ ነበር? በኛ እይታ አዎ። ትምህርቱ ያለው ግን ከዚያ በኋላ በመጣው ነገር ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ህንድ ስሪላንካ ሄዳ ስትጫወት የዳኛን ውሳኔ በካሜራ የሚያርመው አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞከረ፤ ዛሬ ዲ.አር.ኤስ የሚባለው። ቡድኑ ውሳኔው ካላሳመነው ራሱ ይግባኝ ይላል። የይግባኙ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ በባዶ የጮኸ ቡድን ዕድሉን ያቃጥላል። ይሄን አሠራር ከማንም በፊት ሊያቅፈው የሚገባው ማን ነበር? ሲድኒ ላይ የተቃጠለው።

አልሆነም። ህንድ በሙከራው አልቀናትም፤ ከዚያ «ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይታመንም» በማለት ከሌሎች አገሮች ጋር ለብቻዋ በምታደርጋቸው ግጥሚያዎች እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ለረጅም ዓመታት አልቀበልም አለች። ማሽኑ ፍፁም አለመሆኑ እውነት ነው። ከሲድኒው ዳኝነት ይሻል እንደነበርም እውነት ነው። ሌሎቹ ግን ምን ሊሉ ይችላሉ? ህንድ የምትመጣበት ዓመት የድሃ ቦርዶች የመኸር ወቅት ነው፤ ከገበሬው ማን አለ ከዝናብ ጋር የሚጣላ?

ማሽን ሌላም ነገር ያጋልጣል። በ1995 ሜልበርን ላይ አንድ አውስትራሊያዊ ዳኛ የስሪላንካውን ወርዋሪ ሙቲያ ሙራሊታራንን «ክንድህን እያጠፍክ ትወረውራለህ» ብሎ ሰባት ጊዜ ቀጣው። ሙራሊታራን ከተፈጥሮው ክንዱን ሙሉ ለሙሉ መዘርጋት አይችልም፤ አወራወሩ ለዓይን እንግዳ ነበር። ለዓመታት አጭበርባሪ ሲባል ኖረ። በኋላ ባለሙያዎች ሌሎቹን ወርዋሪዎችም በካሜራ ሲለኩ፣ ክንዱ የተቃና የሚመስለው ሁሉ በተወሰነ መጠን እንደሚያጥፍ ተገኘ። በ2005 ለሁሉም እኩል የሆነ የ15 ዲግሪ ወሰን ሥራ ላይ ዋለ። ሙራሊታራን በ2010 በ800 የቴስት ዊኬት ተሰናበተ፤ 800 መቺ አስወጥቶ ማለት ነው። ዓይን የሚከሰው እንግዳ የሆነበትን ነው፤ የለመደውን አይለካም።

እኛም በእግር ኳስ ከቫር ጋር እየተማርነው ነው። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ሊቨርፑል ቶተንሃም ሜዳ ላይ ያስቆጠራት የሉዊስ ዲያዝ ግብ ከጨዋታ ውጪ ተብላ ስትሻር፣ የቫር ክፍሉ ሰዎች ግቧ ሜዳ ላይ የፀደቀች መስሏቸው «ተጣርቷል» ብለው አለፏት። ምስሉ ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት ሰዎቹ ናቸው። ክሪኬት እዚህ ላይ ትበልጠናለች ብንል አንዋሽም። ይግባኙን የሚጠይቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሦስተኛው ዳኛ ስክሪኑ ፊት ሆኖ የሚናገረውም ለተመልካች በቀጥታ ይሰማል። ተሳሳተም አልተሳሳተ፣ እንዴት እንዳሰበ ትሰማላችሁ። ምስጢር ሲቀንስ «ተገዝቶ ነው» የሚለው ወሬም ይቀንሳል።

መንፈስ ጠሪዎች

ክሪኬት ከደንቡ በላይ «የጨዋታው መንፈስ» የሚባል ነገር አላት። በ2000 በደንቡ መግቢያ ላይ ሰፍሯል። ሃሳቡ ቆንጆ ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ሁሉ አይደረግም፣ ነውርም አለ ነው የሚለው። እኛም «ሕጋዊ ነው ግን ነውር ነው» የሚለውን ከአያቶቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። ችግሩ መንፈሱን የሚጠራው ሰው ብዙ ጊዜ የተሸነፈው መሆኑ ነው።

በ1981 ሜልበርን ላይ ኒውዚላንድ በመጨረሻዋ ኳስ ስድስት ነጥብ ብታገኝ ከአውስትራሊያ እኩል ትወጣ ነበር። የአውስትራሊያው አምበል ግሬግ ቻፔል ወርዋሪውን፣ የገዛ ወንድሙን ትሬቨርን፣ ኳሷን መሬት ለመሬት እንዲያንከባልላት አዘዘው። የተንከባለለች ኳስ በአየር ተመትታ ስድስት አታመጣም። በወቅቱ ደንቡ አይከለክልም ነበር። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ብቻ ሳይሆን የአውስትራሊያም ጠቅላይ ሚኒስትር አወገዙት፤ ደንቡም ተቀየረ። እዚህ ላይ የራሱ አገር መሪ «አሸንፈናል ግን አያኮራም» ማለቱን ያዙልን።

አሁን ወደ 2023፣ ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ። እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶ ኳሷ ካለፈችው በኋላ ዙሩ ያለቀ መስሎት ከመስመሩ ወጣ። ከእንጨቶቹ ጀርባ የሚቆመው አውስትራሊያዊ (እንደ በረኛ በሉት) አሌክስ ኬሪ ኳሷን ወርውሮ እንጨቱን መታ፤ ቤርስቶ ወጣ። በደንቡ ጥያቄ የለውም። ስታዲየሙ ግን «አጭበርባሪዎች!» እያለ ተናወጠ፤ ከረባት አስረው በሚገቡበት የክለቡ አባላት አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር አውስትራሊያውያኑ ተሰደቡ፣ ሦስት አባላትም ታገዱ። የሁለቱ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሮች ገቡበት፤ እያንዳንዳቸው፣ እንደጠረጠራችሁት፣ ለየራሳቸው ቡድን። የእንግሊዝ አሠልጣኝ ብሬንደን ማኩለምም ቅሬታውን ተናገረ። ማኩለም በ2006 ለኒውዚላንድ ሲጫወት ጓደኛውን እንኳን ደስ አለህ ሊል ከመስመሩ የወጣውን ሙራሊታራንን በተመሳሳይ መንገድ ያስወጣ ሰው ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ይቅርታ ጠይቋል። በማሊያው በኩል ሲያዩት ሕግ፣ ከማዶ ሲያዩት ነውር።

መንፈሱን አፍ ሞልተው የመጥራት መብት ያላቸው ሌሎች ናቸው። በ1987 የዓለም ዋንጫ ላሆር ላይ የዌስት ኢንዲሱ ኮርትኒ ዋልሽ የመጨረሻዋን ኳስ ሊወረውር ሲሮጥ የፓኪስታኑ ተጫዋች ቀድሞ ከመስመሩ ወጥቶ አገኘው። እንጨቱን ነካ ቢያደርግ ጨዋታው በድል ያልቅ ነበር። ቆመ፣ አስጠነቀቀው፣ ተመልሶ ወረወረ፤ ተሸነፈ። ቡድኑም ለግማሽ ፍፃሜ ሳያልፍ ቀረ። በ2011 የህንዱ አምበል ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ፣ ኳሷ የሞተች መስሎት ለሻይ ሲወጣ የተያዘውን እንግሊዛዊ ኢያን ቤልን ይግባኙን አንስቶ ወደ ሜዳ መለሰው። በደንቡ ወጥቷል፤ ዶኒ ግን ተወው። ህንድ ያንን ግጥሚያ በሰፊው ተሸንፋለች። የነዚህ ሰዎች መንፈስ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ለዚህ ነው የምናምነው።

ተረኛ

አሁን ከሜዳ ወጥተን ቢሮ እንግባ። ሜዳ ላይ ያለው አድልዎ በገለልተኛ ዳኛና በካሜራ እየጠበበ ሲሄድ፣ ካሜራ ወደማይገባበት የስብሰባ አዳራሽ ተዛውሯል።

አይሲሲ በ1909 ሲመሠረት ስሙ «የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት የክሪኬት ጉባኤ» ነበር። እንግሊዝና አውስትራሊያ እስከ 1993 ድረስ የማይፈልጉትን ውሳኔ የመሻር መብት ነበራቸው። ሌላው አባል፣ ህንድንም ፓኪስታንንም ዌስት ኢንዲስንም ጨምሮ፣ እንግዳ ነበር። ይሄ ግልፅ አድልዎ ነው፤ ያንን ያፈረሱት ሰዎች ትክክል ነበሩ።

ከዚያስ? በ2014 ህንድ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ሥልጣኑንና ገቢውን ለሦስት የሚያደላድል አሠራር አስፀደቁ፤ «ትልልቆቹ ሦስቱ» ተባሉ። በ2017 ከፊሉ ተነሳ። በ2023 በፀደቀውና እስከ 2027 በሚቆየው ክፍፍል ግን፣ እንደተዘገበው፣ ከአይሲሲ ገቢ ወደ 38.5 በመቶ የሚሆነው ለህንድ ቦርድ ይሄዳል፤ ከሷ የሚከተለው ድርሻ ሰባት በመቶ እንኳ አይሞላም። የህንድ መከራከሪያ አለ፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከህንድ ተመልካች ነው ይላሉ፣ እውነትም ነው። ግን ውድድር ብቻውን የሚጫወት የለም። ተጋጣሚው ከደኸየ የህንድ ተመልካች ማንን ያያል?

በ2025 ደግሞ የሻምፒዮንስ ዋንጫ አዘጋጇ ፓኪስታን ሆና ህንድ በመንግሥታቱ ጠብ ምክንያት አልሄድም አለች። ስምምነት ተደረገ፤ ህንድ ሁሉንም ጨዋታዋን ዱባይ ላይ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሆቴል እየተቀመጠች ተጫወተች። ሌሎቹ ከከተማ ከተማ፣ ከፓኪስታን ዱባይ ተመላለሱ። ደቡብ አፍሪካ ለግማሽ ፍፃሜው ዱባይ ሊደርሳት ይችላል ተብላ በረረች፤ ሳይደርሳት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ተመለሰች። የፍፃሜው ጨዋታ እንኳ ህንድ ስላለፈች ከአዘጋጇ አገር ወጥቶ ዱባይ ሄደ። ህንድ አንድም ሳትሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች። የህንድ ቡድን በጣም ጥሩ ቡድን ነበር፤ በየትኛውም ሜዳ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። የሚያሳዝነውም ይሄ ነው። ጥሩ ቡድን ድሉ ላይ «ግን እኮ» የሚል ጭራ ተቀጠለበት። ኢምራን ካን በ1986 ሊሸሸው የፈለገው ያንን ጭራ ነበር።

እንግሊዛውያን አምደኞች ይሄን ሲያማርሩ እያየን ፈገግ ብለናል። እስከ 1993 ድረስ መሻር የሚችለው ማን ነበር? ህንዳውያን ደጋፊዎች ደግሞ «ትላንት እናንተ፣ ዛሬ እኛ» ሲሉ ፈገግታችን ይጠፋል። ይሄንን ዓረፍተ ነገር በአማርኛም እናውቀዋላ! ተረኛ ሲቀየር ፍትህ የመጣ የሚመስለን ሰዎች በየሜዳው አለን። የተበደለ ሰው ወንበሩ ላይ ሲወጣ ያው ወንበር ያው ሥራውን ከቀጠለ፣ የተለወጠው ተቀማጩ ነው።

ሁለት ስታዲየም

ደጋፊው በዚህ ሁሉ ምን ያመጣል? ብዙ ያመጣል እንላለን፤ ለዚህ በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ በሳምንታት ልዩነት የሆኑ ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ።

ጃንዋሪ 1999፣ ቼናይ። ህንድና ፓኪስታን። ሳቺን ቴንዱልካር 136 አስቆጥሮ ህንድን ከድል አፋፍ ካደረሰ በኋላ ወጣ፤ ህንድ በ12 ነጥብ ተሸነፈች። በጠላት የሚታይ ቡድን፣ በገዛ ሜዳህ፣ በአፍንጫ ልዩነት። ሕዝቡ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፓኪስታኖቹ ሜዳውን እየዞሩ ምስጋና ተቀበሉ።

ፌብሩዋሪ 1999፣ ካልካታ። እነዚያው ሁለት ቡድኖች። ቴንዱልካር ሲሮጥ ከፓኪስታኑ ሾአይብ አክታር ጋር ተጋጭቶ መስመሩ ላይ ሳይደርስ እንጨቱ ተመታ፤ ወጣ ተባለ። ስታዲየሙ ተነሳ፣ ዕቃ ወረወረ። ቴንዱልካር ራሱ ወጥቶ ሕዝቡን ለመነ። በመጨረሻው ቀን ሁከቱ ሲደገም ፖሊስ ተመልካቹን አስወጥቶ ጨዋታው በባዶ ስታዲየም አለቀ። (በዚያው ሜዳ በ1996 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜም ሕዝቡ ጠርሙስ ወርውሮ፣ እሳት ለኩሶ ጨዋታው ተቋርጧል፤ ድሉ ለስሪላንካ ተሰጠ።)

የካልካታ ሰው ከቼናይ ሰው በተፈጥሮው የከፋ አይደለም። የካልካታው በደል እንኳ ከነምክንያቱ ነበር፤ ግጭቱ በእርግጥ ያሳዝናል። ግን አንደኛው ስታዲየም ለተጋጣሚው ማየት የሚገባውን አየለት፤ ሁለተኛው የራሱን ህመም ብቻ አየ፣ በመጨረሻም ጨዋታውን ራሱን አጣ።

እኛ ጋ የገና ጨዋታ የሚባል አለ፤ በቆልማማ ዱላ እሩሯን መምታት። በዚያ ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ሎሌው ዱላ ቢያቀምሰው፣ ቢያሸንፈው፣ ለዚያ ቀን ጌትነቱን ሜዳ ዳር ጥሎ ነው የገባው። አያቶቻችን ያለ አይሲሲና ያለ ካሜራ የደረሱበት ነገር ነው፤ ኃይል ያለው ኃይሉን አስቀምጦ ካልገባ ጨዋታ የለም። ሸክሙ ያለው ጌታው ላይ ነው። ሎሌው ድሮም አይቆጣም፤ አይችልማ።

ስለዚህ «ዳኛ ሌባ!» ከማለታችን በፊት አንድ ቀላል ነገር እንሞክር። ማሊያውን እንገልብጠው። ይሄው ውሳኔ፣ ይሄው ሜዳ፣ ይሄው የገንዘብ ክፍፍል ለኛ ቢሆን ኖሮ ዝም እንል ነበር? ዝም የምንል ከሆነ ጩኸታችን ስለ ፍትህ አይደለም። ከጨዋታ በኋላ ከማልቀስም ከጨዋታ በፊት ደንቡን ማንበብ ይሻላል። በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ኒውዚላንድና እንግሊዝ በመደበኛውም በተጨማሪውም እኩል ወጥተው እንግሊዝ ኳስን ከወሰን በማሳለፍ ብዛት፣ 26 ለ17፣ ሻምፒዮን ተባለች። ዳኞች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ለእንግሊዝ አንድ የማይገባ ነጥብ መስጠታቸውም ከዋናው ዳኛ አንደበት በኋላ ተሰምቷል። የኒውዚላንዱ አምበል ኬን ዊሊያምሰን ስታዲየም አላቃጠለም፤ ደንቡን አውቀን ነው የገባነው አለና እጅ ነስቶ ወጣ። በወራት ውስጥ አይሲሲ ያንን ደንብ ሰረዘው። ደንቡን የቀየረው እሳት ወይም ጠርሙስ አልነበረም፤ ያ ዝምታ ያመጣው እፍረት ይመስለናል።

ከዚህ ወዲያ ደግሞ ቁጣችንን ቦታ እናስይዝለት። ፊሽካ ለያዘው ሰውዬ ትንሽ፣ ዋንጫው የት እንደሚካሄድና ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ለሚወስኑት ብዙ። ሰውዬው ቢሳሳት አንድ ጨዋታ ነው። እነዚያ ሲያደሉ ገና ያልተወለደ ቡድን ሳይቀር ይሸነፋል።

ዳኛው የኛ የሚሆንበት ቀን ይመጣል፤ ለሁሉም ይመጣል። ያን ቀን «ይቀየር» የሚል ሰው ከመካከላችን ከተገኘ፣ በሽንፈት ቢያልቅም እኛ ቆመን እናጨበጭብለታለን።